ቡፌው ወዴት ሄደ? ስለ ለገሃር፣ ስለ ሆቴልና ስለ እንግዳ

በአገራችን ሂስ የሚባለው ነገር ከመጽሐፍና ከመድረክ ብዙም አይርቅም። ልብ ወለድ ሲታተም እንተቻለን፤ ቴአትር ሲታይ "ገፀ ባሕርይው አልተሳለም" እንላለን፤ ሥዕል ሲሰቀል፣ ባይገባንም እንኳ፣ ራሳችንን እንነቀንቃለን። የምናልፍበትን በር፣ የምንጠብቅበትን አዳራሽ፣ የምናድርበትን አልጋ ግን የሚሄስ የለም። ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ በቃ። መጽሐፍ ያልጣመው ሰው ከድኖ ያስቀምጠዋል። ያልጣመንን ሕንፃ ግን በየቀኑ ሥራ ስንሄድም ስንመለስም እያየነው መኖር ነው። እንግዲህ ከሁለቱ አብልጦ ሂስ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?

ዛሬ ልሄሰው የተነሳሁት ከባቡር ጣቢያ አናት ወይም ደጃፍ ላይ የሚቆመውን ትልቅ ሆቴል ነው። "ይኼ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የት አለ?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱው ነው። ነበረን ወይ? አለን ወይ? ሊኖረንስ ይገባል ወይ? (በጽሑፉ ውስጥ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ሦስት ስሞች

እኔ የቄራ ሰው ነኝ። ከቄራ ተነስቶ በለገሃር በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ ሰው ልብ ሳይለው ሦስት ስሞችን ይሻገራል። ቄራ የከብት ማረጃ ነው፤ የከተማው ቄራ በ1957 ከተቋቋመ ጀምሮ ሰፈሩ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ለገሃር ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች የተዉልን ስም ነው። "ካዛ" ቤት ነው፤ "ኢንቺስ" የሚለው ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት ምህፃረ ቃል ነው።

ስሞቹን ወደ አማርኛ ብንመልሳቸው እንግዲህ ማረጃ፣ ጣቢያና ቤት ይሆናሉ። አንድ ከተማ ከሩቅ ለመጣ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ በእነዚህ ሦስት ቃላት ጨርሶታል፦ የሚወርድበት፣ የሚበላውና የሚያድርበት። ሦስቱም በእግር በሚደረስ ርቀት ተጎራብተው ነበር። ዛሬ ለገሃር አገር አቋራጭ ባቡር የለውም። ከካዛንቺስም ሰፊው ክፍል በ2024 ፈርሷል። ስሞቹ ግን አሉ። ስም ከነገሩ በላይ ዕድሜ ሲኖረው አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

የጣቢያ ሆቴል ማለት

የባቡር ኩባንያዎች ገና ከጠዋቱ አንድ ቀላል ነገር ገብቷቸዋል። ከባቡር የሚወርድ ሰው ደክሞታል፣ ጓዙ ከብዶታል፣ ከተማውንም አያውቀውም። ስለዚህ አልጋውን እሱ ወዳለበት አመጡለት። ለንደን ውስጥ በሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ግንባር ላይ ጆርጅ ጊልበርት ስኮት የነደፈው ሚድላንድ ግራንድ ሆቴል በ1873 ተከፈተ። ከሩቅ ለሚያየው ካቴድራል እንጂ ማደሪያ አይመስልም። በ1935 ሆቴልነቱ ቀርቶ ቢሮ ሆነ፤ በ1960ዎቹም ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር። የሥነ ሕንፃ ተቆርቋሪዎች ጮኸው አስጣሉት። በ2011 እንደገና እንግዳ መቀበል ጀመረ።

ቶኪዮም እንዲሁ ናት። ከዋናው ጣቢያ ሕንፃ ውስጥ ያለው ሆቴል በ1915 ተከፈተ፤ በ1945 በቦምብ ተመታ፤ ሕንፃው በ2012 እንደ ጥንቱ ሆኖ ታደሰ። ኪዮቶ ላይ ደግሞ ሂሮሺ ሃራ የነደፈው ግዙፍ የጣቢያ ሕንፃ በ1997 ሲጠናቀቅ ሆቴሉም፣ መደብሩም፣ ቴአትሩም በአንድ ጣራ ሥር ገቡ። የጥንታዊቷ ከተማ ወዳጆች "ይኼ ጭራቅ ምንድን ነው?" ብለው ተቃውመው ነበር። ሕንፃው ግን አንድ ነገር አለው። 171 ደረጃዎች ያሉት ሰፊ መወጣጫ እስከ ጣራው ድረስ ይዘልቃል፤ ቲኬት የያዘውም ያልያዘውም፣ ሆቴሉ ያደረውም ያላደረውም ወጥቶ ይቀመጥበታል። ተማሪ ምሳውን ይበላበታል፤ አሮጊት ትንፋሿን ትሰበስብበታለች። ሆቴሉ የከፈለው ሰው ነው፤ ደረጃው ግን የሁሉም ነው።

የጣቢያ ሆቴል መመዘኛው እንግዲህ ኮከቡ አይደለም። ባቡሩና አልጋው የሚገናኙበት በር አለው ወይ? ያላደረበትስ ሰው ከሱ የሚያገኘው ነገር አለ ወይ? የምንጠይቀው እነዚህን ሁለቱን ነው። በእነዚህ ሚዛኖች ወደ ቤታችን እንመለስ።

ሦስቱ ቡፌዎች

"ቡፌ" የሚለው የፈረንጅ ቃል በአማርኛ ሦስት ጊዜ ተወልዷል። አንዱ ቡፌ በየሳሎናችን ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው፣ ከመስተዋቱ ኋላ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት የቤት ዕቃ ነው። ሌላው በሠርግና በሆቴል ሳህን ይዘን ተሰልፈን የምናነሳው ምግብ ነው። ሦስተኛው የባቡር ጣቢያው ቡፌ ነው። ሦስቱም የተፈጠሩት ለእንግዳ ነው፤ የሚለያዩት እንግዳው ማን ነው በሚለው ነው። የሳሎኑ ቡፌ የሚያውቁትን እንግዳ ይጠብቃል፤ የሆቴሉ የከፈለውን ይጠብቃል፤ የጣቢያው ግን የመጣውን ይጠብቃል።

ይህ ሦስተኛው ቡፌ እንዴት ወደ አገራችን ገባ? አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ማለቂያ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም። ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበርና መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። በረሃ መሐል፣ ጣቢያው አጠገብ፣ አዋሽ ላይ ሆቴል የተከፈተው ለዚህ ነው። አገሬው "ቡፌ ዳዋሽ" ይለዋል። ማንም አዋሽ ሆቴል ይከፈት ብሎ በጥናት አልወሰነም። ባቡሩ ሲቆም ሰው ወረደ፤ ሰው ሲወርድ ራበው፤ ሲመሽ እንቅልፉ መጣ። ሆቴሉ የተወለደው ከመንገደኛው ሆድና ከመንገደኛው ዓይን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዛሬ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። ሕንፃውን እንደ ሕንፃ ያየው ሰው ትሕትናውን ያደንቃል። ቁመቱ አያስፈራም። ፊቱን ሽቅብ ወደ ቸርችል ጎዳና አዙሯል፤ ከዳገቱ ጫፍ በኋላ ዘመን የተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ይመለከተዋል። ከባቡር የወረደ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ ከተማዋ በሙሉ ከፊቱ ተዘርግታ ትጠብቀዋለች። "እንኳን ደህና መጣህ" የሚል ጽሑፍ መስቀል አላስፈለገም፤ ጎዳናው ራሱ ይለዋል። ደጃፉ ላይ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ጣልያን ዘርፎ ሮም በወሰደው ጊዜ እንኳ ያቆመው ከዚያው ከተማ ትልቁ የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ነበር። አንበሳው በስደቱም ከጣቢያ አልተለየም።

በጣቢያው ግቢ ቡፌ ደ ላ ጋር ነበር። ባቡር ጠባቂው፣ ሸኚው፣ ሠራተኛው፣ በኋላም ዓመታት ሙዚቃ ሊሰማ የመጣው የከተማ ወጣት እዚያ ይገናኝ ነበር። ሽቅብ ጥቂት ሲሄዱ ራስ ሆቴል አለ፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ያረፈበት። የጓዝ ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ ታክሲው፣ ሻይ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ ሁሉ ባቡሩን እየጠበቀ ይኖር ነበር። ፉርጎ የሚለውን ቃል የሰጠን፣ ለገሃር የሚለውን ስም የሰጠን ያ ግቢ ነው።

ሦስት ሌሊት በሰባተኛ ፎቅ

አሁን ወደ ዛሬው ሆቴል ልምጣ። በቅርቡ ሦስት ቀን የፈጀ ስብሰባ ነበረብኝ። አዘጋጆቹ ከክፍለ ሀገር የመጣውንም የአዲስ አበባውንም ተሳታፊ አንድ ላይ አሳደሩን። ስሙ ይቅርብኝ፤ ከለገሃር የማይርቅ፣ የከተማው ቀላል ባቡር ከሚሄድበት ድልድይ ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ ትልቅ የስብሰባና የንግድ ሰዎች ሆቴል ነው። ቤቴ ከዚያ በታክሲ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ለአንድ ሃያሲ ግን ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። የሌላውን አገር ሆቴል በእንግድነት ሁሉም ያየዋል፤ የገዛ ከተማውን ሆቴል በእንግድነት የሚያይ ስንት ነው?

ደግ ደጉን ላስቀድም። አልጋው ደልዳላ ነው። ውኃው ይሞቃል፤ ቄራ ለሚኖር ሰው ውኃ በፈለገበት ሰዓት መውረዱ ብቻ ግማሽ በዓል ነው። ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው። ከሰባተኛው ፎቅ ባቡሩ ከበታች ሲያልፍ፣ ማታ ማታ መስኮቶቹ በርተው፣ እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ ሲሄድ ማየት ያስደስታል። በ2015 ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 39 ጣቢያዎችና ሁለት መስመሮች አሉት። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ድልድይ የሚጋሩት ቁራጭ ከስታዲየም ጀምሮ በለገሃርና በሜክሲኮ አድርጎ እስከ ልደታ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ሰልፉ ቢረዝምም፣ ለድሃው ሰው ባለውለታ መሆኑን የሚክድ የለም።

ክፉው የሚጀምረው ከመስኮቱ ነው። አይከፈትም። ባቡሩ ይታያል እንጂ አይሰማም፤ የሚወርድና የሚወጣው ሰው ይታያል እንጂ የሚለው አይደመጥም። ሕፃን ያዘለች ሴት ደረጃውን ስትወርድ፣ ተማሪዎች ሲሳሳቁ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ ሲያርፍ በዝምታ ዘመን ፊልም እንደሚታይ ሁሉ አየሁ። ከእኔ እስከ እነሱ የድንጋይ ውርወራ ርቀት ነው። በእግር ልሂድ ቢሉ ግን ከመድረኩ መውረድ፣ አውራ ጎዳናውን ማቋረጥ፣ አጥሩን መዞር፣ ፍተሻውን ማለፍ ነው። የሆቴሉ በር የተሠራው በሌላው በኩል፣ በመኪና ለሚመጣ ሰው ነው። በባቡሩ በኩል ያለው ግድግዳና የጄኔሬተር ቤት ነው።

ታዲያ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ምን ተሰቅሏል? የጥንቱ ባቡር ፎቶግራፍ! ጭሱን እየተፋ፣ በትልቅ ክፈፍ፣ በመብራት ደምቆ። ከግድግዳው ወዲያ ሕያው ባቡር ሰው ጭኖ ያልፋል፤ ከግድግዳው ወዲህ የሞተው ባቡር ተከብሮ ተሰቅሏል። ሆቴሉ ባቡርን አልጠላም፤ የወደደው ግን የማይቆመውን፣ ሰው የማያወርደውን ባቡር ነው። ይህን ሳይ ነው የሕንፃው ጉዳይ የገንዘብ ወይም የቦታ ጥበት አለመሆኑ የገባኝ። የሐሳብ ጉዳይ ነው።

የድሬዋ እንግዳ

በሁለተኛው ምሽት ከድሬዳዋ አክስቴ መጣች። ሟቹ ባለቤቷ የሸመንደፈር ሠራተኛ ነበር፤ ድሬዎች ምድር ባቡሩን እንዲያ ነው የሚጠሩት። ለሕክምና ስትመጣ ዱሮ ለገሃር ትወርድ ነበር። አሁን የመጣችው በአዲሱ ባቡር ነው፤ የወረደችውም ለቡ። ከዚያ ሁለት ታክሲ ቀያይራ፣ መሽቶባት፣ የቤቴን ቁልፍ ልትቀበለኝ ሆቴሉ ደጃፍ ደረሰች።

ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው፤ በትሕትና፦

"እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

"የእህቴን ልጅ ነዋ! ምነው አንተ ልጅ፣ ሌባ መሰልኩህ አቦ?"

ድሬ አንቱታ አታውቅም። ልጁ ደነገጠ። ዘንቢሏ ተፈተሸ፣ ስልክ ተደወለ፣ ወርጄ ተቀበልኳት። ከሶፋው ጫፍ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው፣ ተቀመጠች። ሻይ መጣ። ዋጋውን ስትሰማ ሁለተኛ ሲኒ እንዳልጨምር በዓይኗ ከለከለችኝ። ወዲያው በመስተዋቱ በኩል ባቡሩ ሲያልፍ አየችው።

"ይኼ ባቡር አይደለም እንዴ?"

"ነው፤ የከተማው ነው።"

"ባቡር እዚሁ ደጃፍ የሚመጣ ከሆነ እኔን እዚያ ዳር አገር ለምን ጣሉኝ?"

ሁለቱ ባቡሮች እንደማይገናኙ አስረዳኋት። የከተማው ባቡር አንዱ መስመር ቃሊቲ፣ ሌላው ጦር ኃይሎች ያበቃል፤ ለቡ የሚደርስ የለም።

"ታዲያ ዘመድ አይደሉም በለኛ!" አለች። ቀጥላም አዳራሹን ዙሪያውን ቃኝታ፦ "ሆቴሉስ ቢሆን፣ ለባቡሩ በር አላወጡለትም?"

ይህን ያህል ገጽ የፈጀሁበትን ሂስ አክስቴ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። እውነትም ዘመድ አይደሉም። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ፈጣንና ዘመናዊ ነው። ጣቢያዎቹም ግዙፍ ናቸው። ግን የለቡው ጣቢያ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ነው፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። አዲሱ ባቡር የተነደፈው በመጀመሪያ ለጭነት ነው፤ ኮንቴይነር ደግሞ አልጋ አይጠይቅም፣ አይመሽበትም፣ ዘመድ አይፈልግም። ሰው ግን ይመሽበታል።

ለምን ጀርባቸውን ሰጡ?

ሚዛን እንዳይጎድል የዱሮውን ለገሃር ገነት አድርጌ እንዳልስለው ልጠንቀቅ። ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። ሦስተኛው ማዕረግ ውስጥ ሰው ከጓዙ ጋር ተጨናንቆ፣ ኮንትሮባንድ የያዙ ሴቶች በየኬላው እየተሳቀቁ ይጓዙ ነበር። ቡፌው ውስጥ ጠረጴዛ የሚይዘው ገንዘብ ያለው ነው፤ ድሃው በረንዳ ላይ ያድራል። እንዲያም ሆኖ ሀብታሙና ድሃው በአንድ በር ይወጡ ነበር። ከበሩ ወዲያ መንገዳቸው ይለያይ ይሆናል፤ በሩ ግን አንድ ነው። አንድ ከተማ ከዚህ በላይ እኩልነት በሕንፃ መስጠት የሚችል አይመስለኝም፤ ከዚህ በታች ግን መስጠት የለበትም።

ሆቴሎቻችን ለባቡር ጀርባቸውን የሰጡት በክፋት አይደለም። እንግዳው መንገዱን ስለቀየረ ነው። በ1961 አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም በዚያው ዘመን ሥራ ጀመረ። ሒልተን በ1969 ካዛንቺስ አፋፍ ላይ ሲከፈት የሚጠብቀው እንግዳ ከሰማይ የሚመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ደጃፍ ከለገሃር ወደ ቦሌ ተዛወረ። "እንግዳ" ሲባል በሆቴሎች ቋንቋ የውጭ ምንዛሪ የያዘ ሰው ማለት ሆነ። በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ይበላበታል። የምለው፣ ከሰማይ የሚመጣው እንግዳ ሲበዛ ከምድር የሚመጣውን ረሳነው ነው።

ካዛንቺስ ግን ለረጅም ዓመታት ሁለቱንም ይዞ ኖሯል። ከትልልቆቹ ሆቴሎች ኋላ ያሉት መንደሮች በትንንሽ ቡና ቤቶች፣ በአልጋ ቤቶች፣ በሥጋ ቤቶች የተሞሉ ነበሩ። የስብሰባው እንግዳ ከላይ ያድራል፤ ሾፌሩ ከታች ያድራል፤ ማታ ጥብስ ቤት ይገናኛሉ። ሰፈሩ በ2024 ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ቤቶቹ ያረጁ፣ መንገዱ የጠበበ መሆኑ እውነት ነው። ከቤቶቹ ጋር ግን የሾፌሩ አልጋም አብሮ ፈርሷል። አዲሱ ፕላን ውስጥ የእግረኛ መንገድ አለ፣ አበባ አለ፣ መብራት አለ። በርካሽ የሚያሳድር ቤትስ?

እኛ ቄራዎች አልጋ ቤት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከሐረር ወይም ከቦረና ሰንጋ ይዞ የመጣ ነጋዴ ሲመሽበት በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "አልጋ አለ?" ሒሳቡን አስቀድሞ ይከፍላል። ክፍሉ ጠባብ፣ አንሶላው የታጠበ ቢሆንም የሳሳ፣ ውኃው በባልዲ ነው። ባለቤቲቱ ግን አገሩን ትጠይቀዋለች፤ የዝናቡን ነገር፣ የከብቱን ዋጋ ታወጋዋለች። "ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ቀስቅሽኝ" ካላት ትቀሰቅሰዋለች። በር ላይ "ማንን ፈልገህ ነው?" አይባልም፤ የፈለገው አልጋ ነዋ። የጣቢያው ቡፌ ከጣቢያው ሲጠፋ በመንፈስ የተሰደደው ወደነዚህ ቤቶች ይመስለኛል። ኮከብ የላቸውም። በአክስቴ ሚዛን ግን ከብዙ ባለ ኮከቦች ይበልጣሉ።

ከሪባኑ በፊት

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለትዝታ አይደለም። ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። በ2018 መቀመጫውን አቡ ዳቢ ያደረገው ኢግል ሂልስ የተባለ ኩባንያ ለገሃርንና አካባቢውን፣ 36 ሄክታር ያህል ቦታ፣ ወደ አዲስ መንደር እንደሚለውጥ በይፋ ተነገረ። መኖሪያ ሕንፃዎች፣ መደብሮችና ሆቴል የዕቅዱ አካል ናቸው። የጥንቱ ጣቢያ ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅም ተገልጿል። ከጎኑ የቀላል ባቡሩ የለገሃር ጣቢያ አለ። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ ባቡርና አልጋ በለገሃር እንደገና ሊጎራበቱ ነው ማለት ነው። ሊጎራበቱ ነው ወይስ ሊዛመዱ? ጥያቄው ይኼ ነው።

እንደ አንድ ተራ ተመልካች የምጠይቃቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። በዚያ ግቢ የሚቆመው ሆቴል፣ ስሙ የማንም ይሁን፣ ለባቡሩ በር ያውጣ፤ ከመድረኩ የወረደ ሰው አጥር ሳይዞር የሚገባበት በር። ምድር ቤቱ የሁሉም ይሁን፤ እንደ ኪዮቶው ደረጃ፣ ያላደረም ሰው ተቀምጦ ዘመዱን የሚጠብቅበት፣ በአቅሙ ሻይ የሚጠጣበት። ያም ቦታ "ቡፌ" ይባል፤ ስሙ የራሱ የቦታው ነውና። የጥንቱ ጣቢያ ደግሞ ቅርስ ሲሆን በመስተዋት የተከደነ አይሁን። ጣቢያ ሰው ካላለፈበት ጣቢያ አይደለም፤ ፎቶግራፍ ነው። የለቡውንም ባቡር ከመሐል ከተማው የሚያገናኝ መጓጓዣ ካልተበጀ የለገሃር ሆቴል ቢያምርም አንድ እጁ የተቆረጠ ነው።

አማርኛ የሚጋበዘውንም የማይታወቀውንም ሰው "እንግዳ" በሚል አንድ ቃል መጥራቱ እንዲያው አልሆነም። ዱሮ መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ደጃፍ ሲደርስ "ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይል ነበር። ከውስጥ የሚሰማው መልስ "ቤት ለእንግዳ!" ነው። ስሙን የጠየቀው የለም፤ የት እንደሚሠራ የጠየቀው የለም። እግሩን አጥበው፣ ያላቸውን አቅርበው፣ ከመደቡ ላይ ያስተኙታል። ሆቴል ሲመጣ ይህ ልማድ በገንዘብ ተተካ፤ መተካቱም ግድ ነበር። ከተማ በእግዜር እንግዳ ብቻ አይኖርም። እቴጌ ጣይቱ የመጀመሪያውን ሆቴል ሲከፍቱ ሰው በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላት አፍሮ እንደነበር ሲነገር ሰምተናል። ያን እፍረት አሸንፈናል። ሌላው እፍረት ግን እንዳይጠፋብን እፈራለሁ፤ የመጣን ሰው ደጃፍ ላይ ማቆም የሚያሳፍረን እፍረት።

አንድ ሆቴል ይህን ሁሉ ሸክም አይችልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አይችልም። በር ማውጣት ግን ይችላል። በር በፕላን ላይ አንዲት ትንሽ ክፍት መስመር ናት፤ ለነዳፊው የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ መስበር ነው። ሂስ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሪባኑ ሳይቆረጥ የተጠየቀ ጥያቄ ለሥራው ይደርሳል፤ ከተቆረጠ በኋላ የመጣ ግን ክፈፍ ተገዝቶለት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።